በሰውነት ውስጥ የሚፈርሱ ናኖ ቅንጣቶች ባሕር ዳርም ላይ ይሠራሉ

ክቡር አዘጋጅ፣

መድኃኒት ተሸክመው ወደ ሕዋስ ስለሚያደርሱ፣ በዓይን ስለማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ናኖ ቅንጣቶች ጋዜጣችሁ ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ርእሱን ማንሳታችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ሥራው የሀብታም አገሮች ብቻ እንደሆነ አድርጎ መደምደሙን፣ ባሕር ዳር ላይ ፋርማሲ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ፣ ልቀበለው አልቻልኩም።

ቅንጣቶቹ ከሚሠሩባቸው ነገሮች አንዱ ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል ነው። ፖሊመር ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ፌስታል ነው። ለመድኃኒት የሚመረጠው ግን ሰውነት አፈራርሶ የሚያስወግደው ዓይነት ነው። በሰፊው የሚሠራበት ፒኤልጂኤ በሰውነታችን ውሃ ቀስ በቀስ ተሰባብሮ ላክቲክ አሲድና ግላይኮሊክ አሲድ ይሆናል፤ ላክቲክ አሲድን ጡንቻችን ራሱ ያመርተዋል። ይሁንና ፒኤልጂኤ ውድ ከመሆኑም በላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አሴቶን ያለ ኦርጋኒክ ሟሟ ስለሚፈልግ፣ ለተማሪዎቼ የማስቀድመው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚዘጋጀውን ካይቶሳን ነው። ይህን ደግሞ በእንባችንና በምራቃችን ውስጥ ያለው ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል።

የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ዘዴ ቀላል ነው። ካይቶሳኑ ኮምጣጤን በሚያኮመጥጠው አሴቲክ አሲድ፣ በጣም ቀጥኖ፣ ይሟሟል። ፈሳሹ በማግኔት ማማሰያ ላይ እየተሽከረከረ ትራይፖሊፎስፌት የተባለ የፎስፌት ጨው በጠብታ ሲጨመርበት፣ ፖዘቲቭ ሙል ያለው ካይቶሳን ኔጌቲቭ ሙል ካለው ፎስፌት ጋር ተሳስሮ ቅንጣት ይሆናል። እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ የነበረው ፈሳሽ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ጭጋግ ሲለብስ ተማሪዎቼ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጠብታው ከበዛ ጭጋጉ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና የቀኑ ሥራ ይደፋል።

ጉዳዩ ለጣና ዙሪያ ሕዝብ ቅርብ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ባለችው ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስ የሚደበቀው ባዕድ ነገርን በሚውጡት ማክሮፋጅ በተባሉ ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ፣ እነዚሁ ሕዋሳት የሚውጡት ቅንጣት መድኃኒቱን ጠላት ካለበት ያደርሰዋል ማለት ነው። ከስብ በተሠራ ቅንጣት የታቀፈው አምፎቴሪሲን ቢ የተባለ የካላዛር መድኃኒት ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ሕሙማንን እያዳነ ነው፤ ሌላው የተለመደ ሕክምና ግን በሽተኛውን ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ያስወጋዋል። በካይቶሳን የሚሠራው ወደ ሕመምተኛ ለመድረስ ገና ብዙ ምርመራ ይቀረዋል፤ ምርመራውን ግን በሽታው ካለበት ቦታ መጀመር ይገባል።

እንቅፋቱ ያለው ከማዘጋጀቱ በኋላ ነው። ቅንጣቱ በፈሳሽ ውስጥ ከቆየ ስለሚጣበቅ፣ ትሬሃሎስ የተባለ ስኳር ተጨምሮበት ይቀዘቅዝና በቫኪዩም (አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ) ይደርቃል፤ ይህም ለሁለት ቀን ያህል ያልተቋረጠ መብራት ይጠይቃል። አንድ ተማሪዬ የአራት ወር ድካሙን ማድረቂያው ውስጥ አስገብቶ በሄደ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጠዋት ስንከፍተው ዱቄት ይሆናል ያልነው ብልቃጡ ግርጌ ቀልጦ፣ ሙጫ መስሎ ተጣብቆ አገኘነው። የተረፈውንም መጠኑ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር መሆኑን የሚለካ መሣሪያ በአቅራቢያችን ስላላገኘን ናሙናውን ወደ ሌላ ከተማ መላክ ግድ ሆነብን።

ስለዚህ የክልላችን ዩኒቨርሲቲዎችና የጤና ተቋማት ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ የቅንጣት መለኪያ እንዲገዙ፣ ለማድረቂያው መጠባበቂያ ጄኔሬተር እንዲያቆሙ፣ መሣሪያውንም ከየትኛውም ተቋም ለሚመጣ ተማሪ በተራ እንዲከፍቱ በጋዜጣችሁ አማካይነት እጠይቃለሁ።

የፋርማሲ መምህር
ከባሕር ዳር