ከአቤል በፊት የነበሩትን አትርሱብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ዓለም ዘ ዊክንድ እያለ ስለሚጠራው ስለ አቤል ተስፋዬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቶሮንቶ ተወልዶ፣ በእናቱና በአያቱ እጅ አድጎ፣ አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ እዚያ መድረሱ እንደማንኛችሁም ያኮራኛል። ቅር ያለኝ በአንድ ነገር ነው። ጸሐፊው ከእሱ በፊት በአሜሪካ የፖፕ ሙዚቃ ውስጥ የእኛ ልጅ እንዳልነበረ አድርጎ አለፈው። ነበሩ። ያውም አቤልን የወለደችው ቶሮንቶ ናት፤ እኔ የምነግራችሁ ሁለቱ ዘፋኞች፣ ኬናና ዌይና፣ ግን አዲስ አበባ ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ናቸው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ነው የሠራሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ፈረቃ። በአራት ዓመቱ ይዤው የመጣሁት ልጄ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሲዲ ይዞ መጣ። «እማዬ፣ ይሄን ስም አንብቢው» አለኝ። የዘፋኙ የመድረክ ስም ኬና ነው፤ ልጄ ያሳየኝ ግን ከኢንተርኔት አትሞ ያመጣውን ሙሉ ስም ነበር፦ ኬና ዘመድኩን። ዘመድኩን! ያንን ስም እንግሊዝኛ ብቻ በሞላበት ወረቀት ላይ ሳየው ደነገጥኩ። ከዚያ ሲዲውን ከፈተው። እኔ የጠበቅሁት ክራር ባይሆን እንኳ አንድ የሚታወቀኝ ዜማ ነበር። የመጣው ግን የኮምፒውተር ድምፅ፣ የሂፕ ሆፕ ምት፣ በላዩም ከፍ ብሎ የሚያዝን የወንድ ድምፅ ነው። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ቀንሰውና ትምህርትህን አጥና» አልኩት። ልጄ ምንም አልመለሰልኝም፤ ሲዲውን ይዞ ክፍሉ ገባ። ያቺ ቃሌ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች፤ ደብዳቤውንም የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

ኬና በሦስት ዓመቱ ገደማ ነው ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባው። መጀመሪያ ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ፣ ከዚያ እኔ ካለሁበት ወደ ደቡብ አራት ሰዓት ያህል ተነድቶ በሚደረሰው በቨርጂኒያ ቢች አደገ። አባቱ ካምብሪጅ የተማሩ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበሩ። ቤታቸው የሚታየው ዜና ነው፤ ዘፈን ከተከፈተም የአሜሪካው የካንትሪ ዘፋኝ ኬኒ ሮጀርስ ነው። እዚህ ላይ የእኔ ዘመን አንባቢ እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ በዚያ ዘመን ኬኒ ሮጀርስ ያልተሰማበት የአዲስ አበባ ቤት ስንት ነው? ማይክል ጃክሰንንና ዳንስን ያሳየው ኋላ ከአገር ቤት የመጣ አጎቱ ነው። ፒያኖ ማንም ሳያስተምረው ለመደ። መዝፈን የተማረው ስቲቪ ወንደርንና ማርቪን ጌይን እየሰማ ነው። አንድ ጊዜ ለተሰጥኦ ውድድር ተመዘገበ፤ በማጣሪያው ቀን ፒያኖ ነበር፣ በዋናው ቀን አልነበረም። ቆሞ ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈነ። ይህችን ባነበብኩ ጊዜ የራሴ ልጅ መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ታየኝ።

ቨርጂኒያ ቢች ያኔ የሁለት ወጣቶች ከተማም ነበረች፤ የፋሬል ዊልያምስና የቻድ ሁጎ። ኔፕቹንስ በሚል ስም የዚያን ዘመን ሂፕ ሆፕ ድምፅ የቀየሩት እነሱ ናቸው። የኬናን የመጀመሪያ አልበም ያቀናበረው ቻድ ሁጎ ነው፤ ልጄ ያመጣው ሲዲ እሱ ነበር። የሙዚቃ ሰዎች ሲሰሙት አበዱለት። ዩቱ (U2) የተባለው የአየርላንድ የሮክ ባንድ ሥራ አስኪያጅ ፖል መጊነስ አየርላንድ ድረስ አስጠርቶታል።

ሬዲዮ ግን አልከፈተለትም። ምክንያቱን ደራሲው ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶ ተርኮታል። የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን የሚያጫውተው በጥናት ነው። አጥኚዎቹ የኬናን ሙዚቃ በዕድሜ፣ በጾታና በዘር ለተመረጡ 1,200 ሰዎች ላኩና ከጥቂት ቀን በኋላ ስልክ እየደወሉ ከአራት ስንት ትሰጡታላችሁ ብለው ጠየቁ። ብዙ ተስፋ ከተጣለባቸው ዘፈኖቹ አንዱ ከሮክ አድማጮች 1.3፣ ከአር ኤንድ ቢ አድማጮች ደግሞ 0.8 አገኘ። የሮክ ጣቢያው ለነጩ፣ የአር ኤንድ ቢው ለጥቁሩ ተብሎ ተከፍሎ ሳለ በመሐል የቆመ የሐበሻ ልጅ የትኛው ጋ ይግባ? ክፋት ነው አልልም። ሰው ለጆሮው እንግዳ የሆነውን ነገር በስልክ ሲጠይቁት አልወደድኩትም ይላል፤ እኔም ቤቴ ውስጥ ያልኩት ይህንኑ ነው። የነጩም የጥቁሩም ጣቢያ አልሆነለትም፣ እኛ ደግሞ የእኛ አይደለም አልነው። ታዲያ ያ ልጅ የማን ነበር?

እሱ ግን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2007 በፋሬል ኩባንያ በስታር ትራክ በኩል ሁለተኛ አልበሙን አወጣ። ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «ፊቴን ማየታቸውን አረጋግጡ» እንደ ማለት ነው። ከሌሊት ሥራ በኋላ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ልጄ ሲተረጉምልኝ ዝም ብዬ ሰማሁት። ያኔ ቀንሰው አላልኩም።

አሁን ጽሑፋችሁ ወደዘለለው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 2009 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 51ኛው የግራሚ ሽልማት ሲሰጥ፣ ኧርባን ኦልተርናቲቭ በተባለው ዘርፍ ከታጩት አምስት ሥራዎች አንዱ የኬና ነበር። ከአምስቱ ሌላው ደግሞ በመድረክ ስሟ ዌይና የምትባለው የወይንአብ ነበር። እሷም አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሁለት ዓመቷ ከእናቷ ጋር መጥታ ሜሪላንድ ያደገች ናት። ዘፋኝነትን ሥራዬ ብላ ከመያዟ በፊት በቢል ክሊንተን ዘመን ዋይት ሐውስ ውስጥ በጽሑፍ ሥራ አገልግላለች። ለውድድሩ የቀረበችው የሚኒ ሪፐርተንን የታወቀ ዘፈን እንደ አዲስ ከራፐሩ ከኮካዪ ጋር ተጫውታ ነው። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ዘርፍ፣ ከአምስት ሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች! ሽልማቱን ክሪሴት ሚሼል ወሰደች። በማግስቱ ፓርኪንግ ውስጥ ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው፣ ሁላችንም ሐበሾች ነን፣ ከሰባታችን ስማቸውን የሰማ አንድ ሰው አልተገኘም።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2010፣ ኬና ራፐሩን ሉፔ ፊያስኮንና ተዋናይቷን ጄሲካ ቢልን ጨምሮ ብዙ ሰው አስከትሎ ኪሊማንጃሮን ወጣ፤ 5,895 ሜትር። የዓለምን ዓይን ወደ ንጹሕ ውሃ ችግር ለመመለስ ነው። መነሻው የአባቱ ቤተሰብ ኢትዮጵያ ውስጥ በውሃ ምክንያት ያየው መከራ ነበር። አማርኛ አይዘፍንም፣ ሙዚቃው የእኛ አይመስልም ያልነው ልጅ ተራራ ላይ ይዞት የወጣው የእኛኑ ጉዳይ ነው።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከአቤል በፊት የእኛ ልጅ እንዳልነበረ ያስመሰለውን አነጋገር በሚቀጥለው እትም አርሙልን። ሁለተኛ፣ ዌይና ከእኔ ቤት ብዙም ሳትርቅ ያደገች ናት፤ ስለ እሷ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ሰው ልካችሁ አነጋግሯት። ስለ አቤል የጻፋችሁትን ያህል ገጽ ስጧት።

ልጄ አሁን የራሱ ልጆች አሉት፣ የሚኖረው ሌላ ክፍለ ግዛት ነው። ሲዲውን ሲሄድ ጥሎት ሄደ። መሸፈኛው ተሰነጣጥቋል፣ እኔ መኪና ውስጥ አለ፤ ገበያ ስሄድ እከፍተዋለሁ። አምስተኛውን ዘፈን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለልጄ ግን እስካሁን አልነገርኩትም። ይህ ደብዳቤ ከወጣ ጋዜጣውን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ