ሰልፍ

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ አደጉ? የመጨረሻው መልዕክትሽ ሲደርሰኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። "ማታ ቁጭ ብዬ እመልስላታለሁ" አልኩ። ማታው ሦስት ዓመት ፈጀ። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም። ግን ሰሞኑን አንድ ነገር ገጠመኝና፣ ካንቺ ሌላ ከልቡ የሚስቅልኝ ሰው አጣሁ።

አሁን ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ተከራይ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት የሥዕል ክበብ ይዣለሁ። አሥራ አራት ልጆች ናቸው። ዘንድሮ ምን ነካኝ አትበይና፣ ድኅረ ዘመናዊነትን ላስተምር ተነሳሁ። እኛ አለ ፈለገ ሰላም ሥዕል ትምህርት ቤት ሳለን ሸምድደን ያለፍነውን!

የመጀመሪያው ቀን ለፈለፍኩ። ሊዮታር የሚባል ፈረንሳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ትልልቅ ትረካዎች የጻፈውን ነገርኳቸው። ዕድገት ሁላችንንም ነጻ ያወጣል የሚለውን ዓይነት ትረካ ሰው ማመን ትቷል፤ ድኅረ ዘመናዊነት ማለትም ይኸው ነው ይላል። ዝም አሉኝ። ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሕንጻ ሄድኩ። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ፕሩት አይጎ የሚባል መንደር ነበር። ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንጻዎች፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው የተሠሩ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በፈንጂ ማፍረስ ተጀመረ። ቻርልስ ጄንክስ የተባለ ሃያሲ የዘመናዊ ኪነ ሕንጻ ሞት ብሎታል። ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው።

አንዷ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ለምን አፈረሱት? እኛ እኮ ገና ዕጣ አልወጣልንም።"

ምን ልበላት? ያልደረሰሽን ነገር እነሱ ጠግበውታል ልበላት? ማስታወሻዬን አጥፌ "በቃ እናንተ ሥሩ" አልኳቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ ምንም አይገዛም፣ ከሰፈር የተገኘው ይምጣ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ ስንቱን ይሠራ የለ?

ልጆቹ ጀሪካን አመጡ። እዚህ ውኃ በፈረቃ ነው፤ በየቤቱ ከወንበር ጀሪካን ይበዛል። 42 ቢጫ ጀሪካን ከግቢው በር ጀምረው ደረደሩ። ያነሰበት ቦታ ድንጋይ አኖሩ፣ ያው ወረፋ ሲያዝ እንደሚደረገው። በየአንገቱ ካርቶን አሰሩ። "ዕጣ"፣ "ዘይት"፣ "ፓስፖርት"፣ "አባዬ"። የመጨረሻውን ማን እንደጻፈው አልጠየቅኩም። ርዕሱን "ሰልፍ" ብለው በሩ ላይ ለጠፉ።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አይተው እየሮጡ መጡ። "የምን ሰልፍ ነው? ማን ፈቀደ?" ጀሪካን ነው እያልኩ ሳስረዳ፣ የሰፈሩ እናቶች ውኃ የመጣ መስሏቸው ጀሪካናቸውን እያንጠለጠሉ ገቡ። አንዷ ድንጋዩን ገፋ አድርጋ የራሷን አስቀመጠች። ልጆቹ "ኤግዚቢሽን ነው" ቢሏት "ኤግዚቢሽንም ቢሆን በወረፋ ነው" አለች። ሊዮታርን ትቼ እሷን ብጋብዛት ኖሮ!

ርዕሰ መምህሩን ለማብረድ ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም አወራኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 ኒው ዮርክ ላይ፣ የከፈለ ሁሉ ሥራውን ያሳያል ለተባለ ኤግዚቢሽን፣ የተገዛ የሽንት መሽኛ ላይ "አር. ሙት" ብሎ ፈርሞ አቀረበ።

"እና ተፈቀደለት?"

"ኧረ አልተፈቀደለትም።"

"አየሽ አይደል!" አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ወረቀቱን ግን አላነሱትም።

እሑድ ማታ ውኃው እውነትም መጣ። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ባለቤቶቹ ጀሪካኖቹን ወስደዋል። መሬቱ ላይ ድንጋዮቹና የተበጠሱ ካርቶኖች ብቻ ቀርተዋል። ልጆቹ ይከፋቸዋል ብዬ ስፈራ፣ አንዱ "ቲቸር፣ አሁን ነው ያለቀው" አለኝ። እኔም ፎቶ አነሳሁት፤ እልክልሻለሁ።

ከድንጋዮቹ አንዱን ቤቴ ወስጄ በረንዳው ላይ አኑሬልሻለሁ። ወረፋሽ እንዳያልፍ ቶሎ ነይ።

ያንቺው ጠፊ