ሲስቶስኮፒ ለታዘዘላቸው ታካሚዎች አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሽንት ቧንቧ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሳገለግል ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሲስቶስኮፒ (የሽንት ፊኛን ውስጥ በካሜራ የማየት ምርመራ) ከታዘዘላቸው ሰዎች መካከል በቀጠሯቸው ቀን የሚቀሩት በክፍያው ወይም በመንገዱ ርቀት ብቻ ሳይሆን፣ ምን እንደሚደረግላቸው በቅጡ ያስረዳቸው ሰው ባለመኖሩ ጭምር መሆኑን ነው። ሐኪሙ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ብዛት እያየ «በካሜራ እናየዋለን» ብሎ ወረቀቱን ይጽፋል፤ የቀረውን ታካሚው ከጎረቤት ይሰማል። ጎረቤት ደግሞ የሚያወራው ክፉ ክፉውን ነው።

ምርመራው ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት መውጫ በኩል ወደ ፊኛ ገብቶ፣ የፊኛው የውስጥ ግድግዳ በስክሪን ላይ የሚታይበት ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። ተጣጣፊው እንደየአስፈላጊነቱ የሚታጠፍ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በማደንዘዣ ጄል ብቻ ይሠራል፤ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማይታጠፈው የብረት መሣሪያ ግን ናሙና ለመውሰድ፣ ጠጠር ለመሰባበር ወይም እጢ ለመቁረጥ ስለሚያገለግል፣ አብዛኛውን ጊዜ በወገብ በኩል የሚሰጥ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ስለዚህ ታካሚው የመጀመሪያ ጥያቄው «የእኔ የትኛው ነው?» የሚል ሊሆን ይገባል፤ ጾሞ መምጣት አለመምጣቱም፣ አስታማሚ ማስከተሉም የሚወሰነው በዚሁ መልስ ነው።

በጄል ብቻ ሲሠራ ሕመም አለው ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ምንም አይሰማም ማለት ውሸት ይሆናል። ጄሉ ከገባ በኋላ እስኪያደነዝዝ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሲጣደፉ ነው የሚያመው። መሣሪያው ሲያልፍ የማቃጠል ስሜት ይኖራል፤ በተለይ ወንዶች ላይ፣ ቧንቧቸው ረዘም ያለ ስለሆነ፣ በፕሮስቴት አካባቢ ሲደርስ ይጠነክራል። በዚያች ቅጽበት ሰውነትን ከማኮማተር ይልቅ ሽንት እንደሚሸና ሰው ለቀቅ ማድረግ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከዚያ ፊኛው ተዘርግቶ እንዲታይ ንጹሕ ፈሳሽ ስለሚሞላበት ሽንት የመጣ ይመስላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ያፍራሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ምርመራው ብቻ ከሆነ ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

አንድ ከገጠር የመጡ አባት ልጃቸውን ከክፍሉ ካስወጡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ነገር ከወንድነቴ ያጎድለኛል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አያጎድልም፤ ምርመራው ብቻውን ስንፈተ ወሲብ አያመጣም። ይሁን እንጂ ይህን ጥያቄ አፍ አውጥቶ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ባለሙያው ሳይጠየቅ ሊናገረው የሚገባውም ለዚህ ነው። ሴቶችም ሴት ባለሙያ አብራቸው እንድትቆም ቢጠይቁ ነውር የለውም፤ ከወገብ በታች ያለው የሰውነት ክፍልም ምርመራው ከሚፈልገው በላይ ሊገለጥ አይገባም።

ከቀጠሮው በፊት ትኩሳት ወይም ሲሸኑ የማቃጠል ስሜት ካለ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል፤ የሽንት ኢንፌክሽን ካለ ቀድሞ ይታከማል፣ ቀጠሮውም ሊገፋ ይችላል። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህንኑ ማሳወቅ እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ በተለይ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው።

ከምርመራው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ማቃጠሉና ፈዘዝ ያለ ቀይ መልክ መያዙ የሚጠበቅ ነው። እንዳያቃጥለኝ ብሎ ውኃ መቀነስ ግን ነገሩን ያብሰዋል። ጾም ላይ ያለ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ይህን ማሰብ ይኖርበታል። ብርድ ብርድ የሚልና ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ የረጋ ደም መውጣት ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ማለት ግን እስኪነጋ የሚጠበቅባቸው ምልክቶች አይደሉም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ሽንታቸው ሕመም ሳይኖረው ደም የቀላቀለ ሰዎች ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ደም አንድ ሁለት ቀን ታይቶ በራሱ ይጠፋል፤ ታካሚውም ድኛለሁ ብሎ፣ ከዳኑ ደግሞ ቱቦ ማስገባት ለምን ያስፈልጋል ብሎ ይቀራል። የፊኛ ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው እንዲሁ በመጣ በሄደ ደም ነው፤ አጫሾች ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች የኖረ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ የሽንት ቢልሃርዚያ ደም ከማምጣቱም በላይ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ የፊኛ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፣ የኖረበትን ቦታ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል። እጢ የተቆረጠለት ታካሚም የመጀመሪያው የክትትል ሲስቶስኮፒ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወር ይደረግለታል። እጢው ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው «ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት አደገኛ ነው።

ከኩላሊት ጠጠር ሕክምና በኋላ ስቴንት፣ ማለትም ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ እንዲወርድ የሚያደርግ ቀጭን ቱቦ፣ የተተከለላቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። ስቴንቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በዚሁ ሲስቶስኮፒ ነው፤ ተረስቶ ወራት ካለፉት ድንጋይ እየለበሰ ኩላሊትን ሊዘጋ፣ ማውጣቱም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። ውስጤ ዕቃ እንዳለ አልተነገረኝም የሚል ታካሚ ማግኘት፣ ሳልሸሽግ ልናገር፣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሆስፒታሎች የስምምነት ፎርም ከማስፈረማቸው በፊት፣ ይህን ሁሉ ታካሚው በሚያነበው ቋንቋ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት እንዲሰጡት፣ ማንበብ ለማይችለውም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው እንዲመድቡ፣ በወረቀቱም ላይ ሌሊት የሚደወልበት ስልክና ስቴንት ላለው ሰው የሚወጣበት ቀን እንዲጻፍ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሽንት ቧንቧ ሕክምና ክፍል ነርስ
አዲስ አበባ