ደብዳቤ ለልጄ፦ የአሥራ ሦስት ወር በጀት

ጎንደር፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ቅዳሜ ገበያን ግን መቼ ትታ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትዪ ይሆናል። በስልክ የሒሳብ ወሬ ሳነሳብሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትዪና ወሬ ታስቀይሪኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። የጎረቤታችን ልጅ ወደዚያ ስለሚመጣ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር ሰጥቼዋለሁ።

ባለፈው ስትደውዪ «የመስከረም ደመወዝ ሳይደርስ ባዶ እጄን ቀረሁ፣ ብሩ የት እንደገባ አላውቅም» ብለሽኛል። እኔ ግን የት እንደገባ አውቃለሁ። የነሐሴ ደመወዝ እንደማንኛውም ወር ደመወዝ ለ30 ቀን የታሰበ ነው። የሚያኖርሽ ግን 35 ቀን ነው። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ሆድ ግን አላት። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ ይህን በመስኮት በኩል ስመለከት ኖሬያለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፈርሞ፣ ብሩን ቆጥሮ፣ እየሳቀ የሄደ ሰው መስከረም አጋማሽ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስከ ወር መጨረሻ ትንሽ አበድረኝ» ይላል። ደመወዙ ትንሽ የሆነበትም ትልቅ የሆነበትም ያው ነበር።

ስለዚህ አባካኝ ነሽ አልልሽም። አይደለሽም። ችግሩ ወር በወር ማሰብሽ ነው። ደመወዝሽ 12 ነው፤ የምትኖሪው 13 ወር ነው። በቀን 300 ብር የምታወጪ ከሆነ የጳጉሜን አምስት ቀን 1,500 ብር ይፈጃል። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ላሉት 11 ወራት ብታካፍዪው በወር 140 ብር እንኳ አይሞላም። በወር 140 ብር ማንንም አይጎዳም። መስከረም ላይ በአንድ ጊዜ የሚመጣ 1,500 ብር ግን ያስለቅሳል።

አሁን ወደ ቁጠባ ቻሌንጃችሁ ልምጣ። አንቺና አብረውሽ የሚኖሩት ሁለቱ ጓደኞችሽ፣ ሦስታችሁ ተስማምታችሁ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ብር፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 30 እያላችሁ በ52ኛው ሳምንት 520 ልታስገቡ ነው። አሰላሁት፤ ለእያንዳንዳችሁ 13,780 ብር ይሆናል። ጥሩ ብር ነው። ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልወደድኩም፤ ሲጀመር ይቀላል፣ ሲያልቅ ይከብዳል። ከጥቅምት 1 ከጀመራችሁ የመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት የሚውሉት የሚመጣው መስከረም ላይ ነው። 490፣ 500፣ 510፣ 520። በድምሩ 2,020 ብር፣ ያውም አሁን ባዶ እጅሽን ባስቀረሽ ወር። ይህን ያወጣው ሰው የእኛን መስከረም አያውቀውም።

ገልብጡት። ከ520 ጀምሩና ወደ 10 ውረዱ። ድምሩ ያው 13,780 ነው። ከባዱ ጥቅምት ላይ ይወጣል፤ ጥቅምት ዓመት በዓል የለበትም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል እንጂ፣ አንድ አጥንት ደግሞ የትም አያደርስም። የሚመጣው መስከረም ላይ የሚቀራችሁ 40፣ 30፣ 20፣ 10 ብቻ ይሆናል። መቶ ብር። መስከረም ላይ ከሰው መቶ ብር ቢጠየቅ አይከፋም።

የተገለበጠውም ቢሆን አንድ ክፉ ቦታ አለው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11። በመካከላቸው ያለው 12 ቀን ነው። እዚህ ጎንደር ጥምቀት ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። እንግዳው ከየአገሩ ይመጣል፤ ፍራሹ ከየጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ጠላው፣ ዳቦው፣ ዶሮው። በነጋታው ቃና ዘገሊላ ነው፣ እንግዳው አይሄድም። አንቺም ትመጫለሽ፣ ትራንስፖርት አለብሽ፣ ባዶ እጅሽንም አትመጪም። በእናንተ ቆጠራ ያ ጊዜ ከ13ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት ነው፤ 400፣ 390፣ 380። እሱን ኅዳር ላይ አስቀድማችሁ ክፈሉት። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ ሥጋና ቅቤ የለም፣ ወጪ ይቀንሳል።

ያላስገባች ማኪያቶ ትጋብዛለች የምትሉትን ቅጣት ግን አልገባኝም። ገንዘብ ያጣን ሰው ገንዘብ ማስወጣት ምን የሚሉት ነው? የሳምንቱን እቃ ትጠብ። ብሩም በአንዷ ሒሳብ አይጠራቀም። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ሒሳብ አስገቡና ደረሰኙን ተያዩ። ጓደኞችሽን ተጠራጥሬ አይደለም። ገንዘብ ያዥ ሆኜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ የሰው ብር በእጁ ያለበት ሰው ልጁ የታመመች ዕለት ምን እንደሚያስብ ነው።

እናትሽ ደብተር የላትም። እኔ ባለ ካሬ ደብተሬን ዘርግቼ ስደምር ስቀንስ እሷ ትስቅብኛለች። የእሷ በጀት ጾምና መኸር ነው። ጤፍ የምትሸምተው ጥር ውስጥ ነው፤ እህሉ ተወቅቶ ገበያው ሲጠግብ። ክረምት ላይ፣ ገበሬው ጎተራው ሲጎድል፣ ዋጋው የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ። ጤፍ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዓመት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። እናንተም ሦስት ናችሁ፤ አንድ ኩንታል ለሦስት ማዋጣት ያቅታችኋል? የሽሮ እህል ግን አታከማቹ። ሽምብራውንም አተሩንም ነቀዝ ይወደዋል። እሱን ከደንቢያ ሲመጣ እኛ እያየን እንልክላችኋለን።

ቅቤ ላይ ያላትን ጥበብ ደግሞ ስሚ። ሁዳዴ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ቅቤ ተራ ጭር ይላል። ሻጮቹ ቅቤውን በቅጠል ሸፍነው መንገድ መንገዱን ያያሉ። እናትሽ ብቅ የምትለው ያን ጊዜ ነው። አንዷ ዘንድ ትቆማለች፣ በጣቷ ጫፍ ቆንጠር ታደርጋለች፣ መዳፏ ላይ አሸት አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ጾም ስለሆነ መቅመስ የለም፤ በጠረኑ ብቻ ነው የምትፈርደው። ፊቷን ትንሽ ታኮሳትርና ትታ ትሄዳለች። ሻጯ «እሜቴ፣ ይመለሱ እንጂ» ማለቷ አይቀርም። ከዚያ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ታነጥረዋለች። ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ሰው ሁሉ በቅቤ ዋጋ ሲንጫጫ የእኛ ማሰሮ ሞልቷል። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ልብ በይ፣ የመጋቢት ደመወዝ እጅሽ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ማለት ነው። ብር የያዘ እጅና የደራ ገበያ በአንድ ሳምንት ከተገናኙ ሚያዝያ ረጅም ወር ነው።

ስለ መሥሪያ ቤትሽ እቁብ ጠይቀሽኛል። 12 ሰው በወር 2,000 ብር፣ ባለዕጣው 24,000 ይወስዳል። ልግባ አልግባ ነው ጥያቄሽ።

በሒሳብ ብቻ ካየነው እንዲህ ነው። ዕጣሽ ቀድሞ ከወጣ 24,000 ብር ያለ ወለድ ተበድረሻል። መጨረሻ ላይ ከወጣ ያለ ወለድ አበድረሻል። ዋጋ በማይንቀሳቀስበት ዘመን ቢሆን ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን አንቺም ዘይቱንም ስልኩንም አይተሻል። ዓመት ጠብቆ የሚመጣ 24,000 የዛሬውን 24,000 ያህል አይገዛም። ባንክ ቢያስቀምጡት ቢያንስ 7 በመቶ ወለድ አለው፤ እሱም የኑሮ ውድነቱን አይደርስበትም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

እና ግቢ እልሻለሁ። ባንክ «ወር ደረሰ፣ ብርሽን አምጪ» ብሎ በር አያንኳኳም። የእቁብ ዳኛ ግን ያንኳኳል፣ ያውም ሰው ፊት። እኛ ቤት ያለው ቁም ነገር ሁሉ፣ ቁም ሳጥኑም የኤሌክትሪክ ምጣዱም የአንቺ የኮሌጅ ዓመታትም፣ በእቁብ የመጣ ነው። በባንክ ደብተር የተገዛ አንድ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም።

ከመግባትሽ በፊት ግን ዳኛው ማን እንደሆነ እወቂ፤ ሥራ ሊለቅ ያሰበ ሰው ከሆነ ይቅርብሽ። ቀድሞ የበላ ሰው ዋስ ይጠራ እንደሆነ ጠይቂ። አፍረሽ እንዳትተዪው። ዋስ ያልጠራ ሰው 24,000 ይዞ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢቀጠር ማን ያስመልሳል? ከዚያ ደግሞ ዕጣ መለዋወጥ ይፈቀድ እንደሆነ አጣሪ። ከተፈቀደ ዕጣሽ መቼም ይውጣ፣ ከአንዱ ጋር ተነጋግረሽ ወደ ጥር አምጪው። ጥር ላይ የወጣ እቁብ ጤፍ ይሆናል። ግንቦት ላይ የወጣ እቁብ ጫማ ይሆናል፤ አውቅሻለሁ።

እቁቡ 2,000፣ ቻሌንጁ በጥቅምት 2,020። ሁለቱን በአንድ ላይ ካልቻልሽ ቻሌንጁን በ5 ብር አድርጊው፤ ሁሉም በግማሽ ይወርዳል። ተበድሮ መቆጠብ የሚባል ነገር እንዳትጀምሪ። አንድ ባልደረባዬ ከእኔ ተበድሮ እቁብ ይጥል ነበር፣ እቁቡ ሲደርሰው ለእኔ ይከፍልና እንደገና ይበደራል። ደህና ሰው ነበር።

ከደመወዝሽ የሚቆረጠው 7 በመቶ ጡረታም አያበሳጭሽ። መሥሪያ ቤትሽ 11 በመቶ ይጨምርበታል። እኔ ዛሬ ቡና የምጠጣው በእሱ ነው።

ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልበልና ልተወው። አከራያችሁና እናንተ በአንድ ቆጣሪ እንደምትጠቀሙ ነግረሽኛል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየጨመረ ነው የሚሄደው። ሁለት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲቆጠር ሁለቱም በውድ ዋጋ ይከፍላሉ። የራሳችሁን ቆጣሪ ማስገባት ካልተቻለ እንጀራውን ሦስታችሁ በአንድ ቀን ጋግሩ። ምጣድ አንዴ ከጋለ በኋላ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ይህን ደብዳቤ በእውነት የጻፍኩት ለዚህ ነው።

በየወሩ የምትልኪልንን ብር እናትሽ አልነካችውም። «የልጄን የመጀመሪያ ደመወዝ እኔ በሽንኩርት አልጨርሰውም» ብላ የሠፈር ሴቶች እቁብ ገብታበታለች፣ በአንቺ ስም። እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ባለፈው እሑድ ዕጣው ወጣ። ያንቺ ስም ሲጠራ እልል አሉ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ክርክር ነው። እኔ ብሩ ባንክ ይቀመጥና ጥር ላይ ለሦስታችሁ ኩንታል ጤፍ ይገዛበት፣ ለጥምቀት ስትመጪ ይዘሽው ትሄጃለሽ እላለሁ። እናትሽ ደግሞ «ልጄ መስከረም ላይ ጦሟን እያደረች አንተ ጥርን ትጠብቃለህ» ትላለች። ደብተሬን ገልጬ ባሳያት ልታየው አልፈለገችም።

ብሩ ያንቺ ስለሆነ ፍርዱም ያንቺ ነው። አሁን በቴሌብር ይላክልሽ ወይስ ለጤፉ ይቆይ? ግማሽ ግማሽ ካልሽም እሺ። እስከ ዓርብ ደውዪና ለእናትሽ ንገሪያት፤ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ከመውጣቷ በፊት ብታውቀው ይሻላል። የሽሮውን ዕቃም መልሰሽ ላኪ፣ የጎረቤት ነው።

አባትሽ