ቧንቧ በፈነዳበት ሰሞን ለደረሳችሁልን ሁሉ

የማኅበረሰብ ጋለሪያችን ዐውደ ርእይ ትናንት ማታ ተዘጋ። ሥዕሎቹ ወርደው፣ ሚስማሩ ተነቅሎ፣ ግድግዳው ባዶውን ሲቀር ነው ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ ማደር እንደሌለብኝ የተሰማኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬው ትቼዋለሁ፤ በጻፍኩ ቁጥር የስም ዝርዝር እየሆነብኝ። በዚያ ላይ ግማሾቻችሁ «ስሜን እንዳታነሺ» ብላችሁ አስጠንቅቃችሁኛል። ስለዚህ በሙያችሁ እጠራችኋለሁ፤ ማን ማን እንደሆናችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከዕቃ ክፍላችን በላይ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ሌሊት ላይ ፈነዳ። ጠዋት በሩን ስከፍት ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቷል። ክፍሉ ውስጥ የ31 ሰዎች 84 ሥራዎች ነበሩ፤ ከነዚህ 46ቱ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። የጥበብ ሥራ ሲቀመጥ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከወለል ከፍ ማለት አለበት፤ ይህ ጋለሪ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነው። መደርደሪያ አልነበረንም፣ ጣውላ ግን ነበረን። «ለሦስት ቀን ምን ይሆናል» አልኩ። ምስጋናዬን ከመጀመሬ በፊት ይቅርታ አድርጉልኝ።

የመጀመሪያው ምስጋና በክንዴ ጎትታ ከደጃፉ ለመለሰችኝ፣ ወረቀት እየቆራረጠች በመለጠፍ ሥዕል ለምትሠራው፣ ለኮላዥ ሠሪዋ እህታችን ነው። እኔ ጫማዬን አውልቄ ልገባ ነበር። እሷ ግን «መብራቱ ሳይጠፋ አንድ እግርሽ አይገባም!» ብላ ጮኸችብኝ። ግድግዳው ሥር ያለው ሶኬት ውሃው ውስጥ ነበር። ቆጣሪው ጋ ሄዳ እስክታጠፋ የቆየንባት አምስት ደቂቃ አንድ ቀን ሆና ነው የታየችኝ፤ ሥራዎቹን ግን በኋላ የሚያወጣ ሰው የተገኘው በዚያች አምስት ደቂቃ ነው። ቧንቧውን የዘጋልን ባለሙያም ገና ጎህ ሲቀድ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጥቶ፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ ከእኛ ጋር ውሃ ሲቀዳ ነው የዋለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማመስገን የምፈልገው ጉልበታችሁን ብቻ አይደለም። እኔ እስከዚያ ቀን «የእርጥብ ሥዕል መድኃኒቱ ማድረቅ ነው» ብዬ ነበር የማስበው። ሁሉንም አውጥተን ፀሐይ ላይ እንዘርጋ ያልኩትም እኔው ነበርኩ። ባትከለክሉኝ ኖሮ ውሃው ያልጨረሰውን እኔ እጨርሰው ነበር።

ውሃ ሁሉንም እኩል አያገኝም። የአክሪሊክ ሠዓሊዎቹ በአንፃራዊነት ተርፈዋል፤ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ እንደ ፕላስቲክ ስለሚሆን በውሃ ተመልሶ አይሟሟም። ጭቃውን አጥበው፣ ጀርባውን አድርቀው፣ ወዲያው ሌላውን ለመርዳት ተሰማሩ። የውሃ ቀለም ሥራዎች ላይ ግን ምንም ማድረግ አልተቻለም። ቀለሙን የሚያጣብቀው የዛፍ ሙጫ ራሱ ውሃ ሲያገኝ ስለሚለቅ ሦስቱ ሙሉ በሙሉ ፈሰው ነጭ ወረቀት ሆነው ነው የተገኙት። ባለቤታቸው የውሃ ቀለም ስትሠራ 20 ዓመት የሆናት ሴት ናት። ወረቀቶቹን አንሥታ አየቻቸውና «መቼም ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነው» አለች፤ ቀጥላ የከሰል ንድፎቹን ወደሚያወጡት ልጆች ሄደች። የከሰል ሥዕልን ፊቱን መንካት ክልክል ነው፣ ከወረቀቱ ጋር የሚያያይዘው ነገር ስለሌለ በጣት መነካት እንኳ ይበቃዋል። ልጆቹን ወረቀት ከሥሩ በጣውላ ደግፎ ማውጣትን ያስተማረቻቸው እሷ ነች። የራሷ ሥራ በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ! ይህን ስጽፍም ምን እንደምላት አላውቅም።

የዘይት ቀለም ሠዓሊዎቻችንን ያሰጋቸው ቀለሙ አልነበረም። የዘይት ቀለም የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ ውሃ እሱን ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው ሸራው ነው፤ ሸራ ሲርስ ይኮማተራል፣ ላዩ ያለው ደረቅ ቀለም ግን አብሮት መኮማተር ስለማይችል ይነሣና ይረግፋል። ስለዚህ ፍሬማቸውን አውልቀን፣ ከተወጠሩበት እንጨት ግን ሳናላቅቅ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገን አዳራሹ ወለል ላይ በጣውላ ላይ አስተኛናቸው። የሁለቱ ቀለም መነሣት ጀምሯል፤ አሁንም በእድሳት ባለሙያ እጅ ናቸው።

ፎቶ አንሺዎቹን ሳስታውስ ሳቅ ይቀድመኛል። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቁ ፎቶዎችን ልላጥ ስል ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ተዪው!» አሉኝ። እርጥብ እንዳለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከነመስታወቱ መንከር ነው የሚሻለው፤ ከደረቀ በኋላ መላጥ ምስሉን መስታወቱ ላይ ማስቀረት ነው። እኔ ከውሃ ለማዳን ስሮጥ እነሱ ባልዲ ሞልተው መልሰው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ያየ ጎብኚ ምን ይል ነበር? ለማድረቅ ያልደረስንባቸውን ፎቶዎችና ወረቀቶች ደግሞ በላስቲክ እየለየን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትን። ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ማቆጥቆጥ ስለሚጀምር ማቀዝቀዝ ጊዜ ይገዛል። የማቀዝቀዣውን ሙሉ ክፍል ባዶ አድርጎ የሰጠን ጎረቤታችን ምን እንደምናስቀምጥ እንኳ አልጠየቀንም። በማግሥቱ በሩን ከፍቶ የማያውቃቸው ሰዎች ፊት ሲደረደርበት ግን ትንሽ እንደደነገጠ ነግሮናል።

የሕትመት ሥራ ባለሙያችን ነገር ቀለል ያለ ነበር። ከ20 ቅጂ አራተኛው ተበላሸ፤ ከቤቱ ሰባተኛውን አምጥቶ «የኔ ልጆች መንትያ ናቸው» ብሎ አለፈ።

ጥልፉን ግን ሳላነሣ አላልፍም። ይህ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ትልቁ ክርክራችን ጥልፍና የዘይት ቀለም አንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ወይስ አይሰቀሉ የሚለው እንደነበር የስብሰባው ተሳታፊዎች አትረሱትም። አንድ አንጋፋ ሠዓሊያችን «ጥልፍ ለትራስ ነው» ብለው ነበር፤ ጥልፍ ሠሪዋም ያኔ መልስ አልሰጠችም። በዚያ ጠዋት ሁለት ሜትር የሚረዝመው ጥልፍ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ፣ ቀዩ ክር ወደ ነጩ መልቀቅ ጀምሮ ነበር። እንዳይጨማደድና ቀለሙ እንዳይጋባ ተዘርግቶ በአራት ሰው መያዝ ነበረበት። አራተኛውን ጫፍ የያዙት እሳቸው ነበሩ። አርባ ደቂቃ ያህል ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ስፌቱንም ከቅርብ አዩት። በመጨረሻ «ይህን ጥላ በክር እንዴት ነው ያመጣሽው?» ብለው ጠየቋት። ቁጭ ብላ አሳየቻቸው። እኔ ለሁለታችሁም በዚህ ጉዳይ ምንም አልጨምርም፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ግን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።

የእንጨት ቀራፂው ጋሼ ዘግይተው ነው የደረሱት። ሲደርሱ፣ ወጣቶቹ በቅን ልቦና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወደ ሥራቸው አዙረው ለኩሰው ነበር። በሩ ላይ ሆነው «አጥፉልኝ! ስንጥቅጥቁን ልታወጡት ነው!» ያሉት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እንጨት ከውጭ ቶሎ፣ ከውስጥ ዘግይቶ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ላላ አድርጎ በላስቲክ ጠቅልሎ ቀስ በቀስ ነው እንዲደርቅ የሚደረገው። ጠቅልለው ከጨረሱ በኋላ፣ ሁላችንም ደክመን በተቀመጥንበት፣ ስለ ጣሊያኗ ከተማ ስለ ፍሎረንስ አጫወቱን። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች መጻሕፍትና ሥዕሎችን ከጭቃ ውስጥ ስላወጡ «የጭቃ መላእክት» ተባሉ። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሠዓሊ የቫዛሪ «የመጨረሻው እራት»፣ በአምስት የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለው፣ ከ12 ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ነበር። ተመልሶ ለሕዝብ የታየው ልክ በ50ኛ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ጋሼ ይህን ነግረውን ሲያበቁ ወደ ጥቅላቸው አመለከቱና «ስለዚህ አታጣድፉኝ» አሉ። አላጣደፍናቸውም። ዐውደ ርእዩ በዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ሲከፈት የሳቸው ሥራ ማስቀመጫ ባዶውን ቆመ፤ ሥራው የደረሰው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

ስለ ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ። ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የተተኮሰ ሸክላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፣ ስለዚህ ስድስቱ ዕቃዎቿ ታጥበው ብቻ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሰባተኛው ገና ያልተተኮሰ ነበርና ሟሟ። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን (እኔም አለሁበት) ያንን ክምር እንደ ሥራ አቅርቢው፣ ትርጉም አለው፣ ምናምን አልናት። ለረጅም ጊዜ አየችንና «ጭቃ ነው» አለች። በባልዲ አፍሳ ወሰደችው፤ አድርቃ፣ አቡክታ እንደገና ልትሠራበት።

ለጎብኚዎቻችንም። የወረቀት ሥራዎቹ የተሰቀሉበትን ጥግ መብራት ብርሃን እንዳይጎዳቸው ወደ 50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አውርደነው ነበር፤ «ምነው ጨለመ?» እያላችሁ ስትጠይቁ ሳትሰለቹ ያዳመጣችሁኝን አመሰግናለሁ። ውሃ የነካቸውን ሥራዎች እንደብቅ ወይስ እንግለጥ ብለን ተከራክረን፣ በስተመጨረሻ መግለጫ ወረቀታቸው ላይ «ውሃ ነክቶታል» ብለን ጻፍን። ቀዩ የፈሰሰበት ጥልፍ ፊት ብዙ ሰው ሲቆም አየሁ። ሠሪዋ ግን አሁንም ፍሳሹን አትወደውም፤ «ያላሰብኩትን አመስግኑልኝ አትበሉኝ» ብላናለች፤ ልክ ናት።

በጠቅላላው አምስት ሥራዎች ጠፍተዋል። ለባለቤቶቻቸው የሚመለስ ነገር እንደሌለኝ አውቃለሁ። የሚቀጥለው ዙር ላይ የመጀመሪያውን የግድግዳ ምርጫ ለእናንተ እንድንሰጥ ኮሚቴው ተስማምቷል። መደርደሪያም እየተሠራ ነው፤ ወለል የሚነካ ነገር አይኖርም፣ የኔ ቦርሳ ጭምር።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሥራዎቻችሁን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ መጥታችሁ ውሰዱ። በዚያ ጠዋት ከየቤታችሁ ካመጣችኋቸው ዕቃዎች ሁለት መወልወያ፣ አንድ የልጅ ቡትስ ጫማ (የግራ ብቻ) እና እጀታው የተሰበረ ሰማያዊ ባልዲ እኔ ጋ ናቸው። የባልዲው ባለቤት እጀታውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አዲስ ገዝቼ አስቀምጬልሃለሁ ወይም አስቀምጬልሻለሁ።

የዐውደ ርእዩ አስተባባሪ