ልጄ ስጠራው እንደማይዞር የት ይመዝገብልኝ?

ለከተማችን የጤና አገልግሎት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ጤና ጣቢያዎቻችን የልጆችን የመስማትና የዕድገት ችግር በጊዜ የሚለይ መጠይቅ እንዲኖራቸው ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ከቢሮዎ የሰማሁት ግን «ይታያል» የሚል ቃል ብቻ ነው። ብዙ ወራት ጠብቄ ስለታከተኝ ዛሬ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ልጄ 18 ወር ሲሞላው ቫይታሚን ኤ እንዲወስድ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ባለሙያዋ የቀይዋን እንክብል ጫፍ በመቀስ ቆርጣ አፉ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገችለት። ክብደቱን መዘነች፣ ክንዱን ለካች፣ ሁሉንም በታብሌቷ ላይ ሞላች። ያን ጊዜ የከነከነኝን ነገርኳት። ስጠራው አይዞርም። ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ቆመን ጀልባው ድንገት ጥሩምባውን ሲነፋ እኔ በድንጋጤ ስዘል፣ እሱ እቅፌ ውስጥ ሆኖ ውኃውን እያየ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ልጅቱ ደግ ናት፣ ከልቧ ሰማችኝ። ታብሌቷን ወደ ላይ ወደ ታች እየገፋች ፈለገች፣ ፈለገችና ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። «ይሄ የሚሞላበት ቦታ የለውም» አለች። ከዚያም «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል» ብላ ሸኘችኝ።

በሁለቱም ጆሮው በቅጡ እንደማይሰማ የታወቀው ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ብሎ ነው። የት ነበርን? በየስድስት ወሩ እናንተው ዘንድ ነበርን! ካርዱን ይመልከቱ፤ አንድም ክትባት አላመለጠውም።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25 ላይ ችግሩን በጊዜ መለየትንና በጊዜ መርዳትን ከጤና አገልግሎት ግዴታዎች ጋር ያስቀምጠዋል።

ኤም ቻት የሚባል መጠይቅ አለ። ከ16 እስከ 30 ወር ባሉ ልጆች ላይ የኦቲዝም ምልክት ለመለየት የተዘጋጀ፣ ወላጅ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚመልሳቸው 20 ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ልጅዎ መስማት ይሳነው ይሆን ብለው ጠርጥረው ያውቃሉ ወይ ይላል። ይህን ካነበብኩበት ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያን ቀን ይህን የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ከቢሮዎ አንድ ሰው «በጀት የለም» ብለውኛል። ታብሌቱ ተገዝቷል። ባለሙያዋ ተቀጥራለች። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለን በራሳችን እግር እንመጣለን። የጎደለው ጥያቄው ነው። ታብሌቱ የልጁን ዕድሜ ከልደቱ ቀን አስልቶ ለወሩ የሚገባውን ጥያቄ ማውጣት፣ ነጥቡን መደመር፣ ወደ ሐኪም መላክ ያለበትን ልጅ ማሳየት ይችላል። ባለሙያዋም በግምት «ይዘገያል» ከማለት ትድናለች። እርግጥ የባሕር ማዶ መጠይቅ እንዳለ ተገልብጦ ይምጣ አላልኩም። የዘጌ ልጅ በባዶ ሲኒ ቡና እንደሚቀዳ ሆኖ ይጫወት እንደሆነ የሚጠይቅ፣ በእኛው አማርኛ የተጻፈና በእኛው ልጆች ላይ የተሞከረ መሆን አለበት። መጠይቁ ምርመራን እንደማይተካም አውቃለሁ። ስለዚህ የተጠረጠረው ልጅ የሚላክበት ቦታና የሚቀበለው ባለሙያ አብሮ ይዘጋጅ፤ አለበለዚያ ለእናት ጭንቀት መጨመር ነው።

ልጄ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። «እማ» ሲለኝ ገና አልሰማሁም። ሲፈልገኝ አገጬን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴን ወደ ራሱ ያዞራል።

የጎረቤቴ ልጅ 14 ወሯ ነው። በሚቀጥለው ወር ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ወደዚያው ጤና ጣቢያ፣ ወደዚያው ታብሌት ትሄዳለች። እናቷ ትናንት ማታ መጥታ «ስጠራት አንዳንዴ ዝም ትለኛለች፣ ለማን ልንገር?» ብላ ጠየቀችኝ። ለማን ትንገር?

የአንድ ልጅ እናት፣ ከባሕር ዳር