የታሪክ ፈተናና ባለአንድ ፊደል መልስ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ልጄ ሰሞኑን የተፈተነችውን የታሪክ ፈተና አየሁት። የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ምክንያት ምን ነበር ይላል። ትክክል የተባለው «ሀ. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር» ነው። እሷ «ሐ. መሬታችን ይለካል፣ ርስታችን ይነጠቃል የሚል ስጋት» ብላ ነጥብ ተቆርጦባታል።

የግብሩ አዋጅ መውጣቱ፣ ሞጣና ቢቸና ማመፃቸው፣ ጦር መዝመቱ፣ በኋላም ጠቅላይ ገዥው መነሣታቸውና ውዝፉ ግብር መማሩ አያከራክርም። ገበሬው ለምን ተነሣ የሚለው ግን ትርጓሜ ይፈልጋል። አንዱ ጸሐፊ ርስቱን የሙጥኝ ያለ ወግ አጥባቂ ያየዋል፤ ሌላው የዘውዱን ሥርዓት ያናጋ የጭቁኖች ትግል ይለዋል። ማስረጃቸው ግን ያው ነው። የግብር መዝገብ ያገላበጠና የሽማግሌዎችን ትዝታ ያዳመጠ ደግሞ አንድ ዓይነት ታሪክ አይጽፉም።

የሚገርመኝ ይህ አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል ፈተና በጎጃም መሰጠቱ ነው፤ በቅኔና በመጻሕፍት ጉባኤ አገር! የትርጓሜ መምህር ንባቡን ፈትቶ «አንድም» እያለ ሌላ ፍች ይጨምራል፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይነሣል። ይሁንና መረን የለቀቀ አይደለም፤ ንባቡ የማይሸከመውን ፍች ያመጣ ደቀ መዝሙር በጉባኤው መካከል ያፍራል።

በሚቀጥለው ፈተና ምርጫው ቀርቶ «ምክንያቱን በማስረጃ አስረዱ» ቢባልና ግማሽ ገጽ ቢተውስ? እርማቱ መምህራኑን እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ ቢያንስ አንዷን ጥያቄ ግን ይሞክሯት።

አንድ ወላጅ፣ ከደብረ ማርቆስ